ሮኬት ሲጋደም፦ በፕላስቲክ ጠርሙስ የምትሠራ የውሃ መኪና

አንድ ባለ 2 ሊትር የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ፣ አራት ክብ የፕላስቲክ ክዳኖች፣ ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ ጥቂት ውሃና የብስክሌት ጎማ መንፊያ በአንድነት ሲቀናጁ ያለ ሞተርና ያለ ባትሪ የምትወነጨፍ ትንሽ መኪና ይሆናሉ። በአገራችን ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርተው ሲጫወቱ ማየት የተለመደ ነው። ይህችኛዋ ግን በእጅ የምትገፋ ወይም በገመድ የምትጎተት አይደለችም፤ በጠርሙሷ ውስጥ የታመቀው አየር ውሃውን ወደ ኋላ ሲተፋው እርሷ ወደ ፊት ትፈናጠራለች። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ያሰፈረው ሦስተኛው የእንቅስቃሴ ሕግ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ አጸፋ እንዳለው የሚናገረው ሕግ፣ እዚህ በዓይን ይታያል።

የውሃ ጠርሙስን እንደ ሮኬት ወደ ሰማይ ማስወንጨፍ በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች የታወቀ ሙከራ ነው። ከዚህም የተነሣ መኪናዋን እንደ ተጋደመ ሮኬት መቁጠርና ለሮኬት የተጻፈውን መመሪያ እንዳለ መገልበጥ ይቀናል። ሕጉ በእርግጥ አንድ ነው፤ ችግሩ ግን አንድ አይደለም። ለምን? መልሱን ለማግኘት አስቀድመን መኪናዋን የሚያንቀሳቅሳት ምን እንደሆነ እንመርምር።

ነዳጁ ውሃ አይደለም

"የውሃ መኪና" የሚለው ስያሜ በመጠኑ ያሳስታል። ውሃ አይቃጠልም፤ ለመታመቅም እጅግ እምቢተኛ ነው። 3 ባር በሚደርስ ግፊት ብናምቀው መጠኑ የሚቀንሰው ከአሥር ሺህ እጅ አንድ ተኩል እጅ ያህል ብቻ ነው። አየር ግን እንደ ጥቅል ሽቦ ይታመቃል፤ ሲለቁት ይዘረጋል። በጠርሙሱ ውስጥ 0.6 ሊትር ውሃ ቢኖርና በቀሪው 1.4 ሊትር ቦታ ላይ ያለው አየር ከውጭው አየር በ3 ባር የሚበልጥ ግፊት ቢኖረው፣ ይህ አየር ሲስፋፋ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ከ200 ጁል በላይ ነው። ይህም 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከረጢት ከመሬት 1 ሜትር ለማንሣት የሚያስፈልገውን ጉልበት ያህላል።

ታዲያ ውሃው ለምን አስፈለገ? ጠርሙሱን አየር ብቻ ብንሞላውስ? በ2 ሊትር ጠርሙስ ውስጥ በዚህ ግፊት ያለው አየር 10 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ለግምት ያህል 200 ጁል ጉልበት ለ10 ግራም ቁስ ቢሰጥ፣ የቁሱ ሞመንተም፣ ማለትም የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ብዜት፣ 2 ኪሎ ግራም-ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ያው ጉልበት ለ600 ግራም ውሃ ቢሰጥ ግን ሞመንተሙ ከ15 ይበልጣል። መኪናዋ ወደ ፊት የምታገኘው ሞመንተም ወደ ኋላ ከተተፋው ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከባዱ ውሃ አትራፊ ነው። በተቃራኒው ጠርሙሱን እስከ አፉ በውሃ ብንሞላው ለአየር ቦታ አይተርፍም፤ ጉልበትም አይኖርም። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው የውሃ መጠን በሁለቱ ጽንፎች መካከል ይገኛል። ወደ ላይ ለሚወነጨፍ ሮኬት የጠርሙሱ ሲሶ ያህል ውሃ የተለመደ መነሻ ነው።

ኃይሉ ምን ያህል ነው?

ውሃው ከጠርሙሱ አፍ የሚወጣበትን ፍጥነት ለማግኘት የግፊቱን እጥፍ ለውሃው እፍጋት አካፍሎ የካሬ ሥሩን መውሰድ ይበቃል። ለ3 ባር ውጤቱ 24 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። የሚገፋውን ኃይል በተመለከተ ግን ብዙዎች ግፊቱን በአፉ ስፋት ብቻ አባዝተው ያቆማሉ። ትክክለኛው መልስ የዚህ እጥፍ ነው። ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው ‹ሃይድሮዳይናሚካ› በተሰኘ መጽሐፉ ይህንን አሳይቷል፤ መርከብን ወደ ኋላ በሚተፋ ውሃ መንዳት እንደሚቻልም በዚያው መጽሐፍ ሐሳብ አቅርቧል። እጥፍ የሚሆንበት ምክንያት ውሃው ወደ አፉ ሲጣደፍ በአንገቱ አካባቢ በግድግዳው ላይ ያለው ግፊትም ስለሚቀንስ ነው።

የተለመደው የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አፍ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በ3 ባር ግፊት መነሻው ኃይል 230 ኒውተን ገደማ ይሆናል። መኪናዋ ከነውሃዋ 1.1 ኪሎ ግራም ብትመዝን ይህ ኃይል ከክብደቷ 20 ጊዜ ይበልጣል፤ ነገር ግን ውሃው ተተፍቶ የሚያልቀው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው።

ጠርሙሱ ሲጋደም

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በሮኬት ላይ ጠርሙሱ ተዘቅዝቆ ስለሚቆም ውሃው አፉን ይሸፍናል፤ አየሩ ውሃውን ሳያስወጣ ማምለጫ የለውም። በመኪናዋ ላይ ግን ጠርሙሱ ተኝቷል። ሲሶውን ውሃ ብንሞላው የውሃው ወለል ከአፉ በታች ይውላል፤ መሰኪያው ሲነቀል መጀመሪያ የሚያመልጠው አየሩ ነው። ነዳጃችን ያለ ሥራ ፈሰሰ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ መኪናዋ ወደ ፊት መፈናጠር ስትጀምር፣ አውቶቡስ ሲነሣ ተሳፋሪ ወደ ኋላ እንደሚገፋ ሁሉ፣ ውሃውም ወደ ኋላ ተከማችቶ አፉን ይሸፍናል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዋ ቅጽበት የባከነው አየር አይመለስም።

ቀላሉ መፍትሔ አፍንጫዋን ከፍ፣ አፉን ዝቅ አድርጎ ጠርሙሱን ማዘንበል ይመስላል። 10 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ሲሶ የሚሆነው ውሃ ወደ አፉ ይደርሳል። እዚህ ላይ ግን ሌላ ችግር ይመጣል፦ ኃይሉም አብሮ ወደ ላይ ያዘነብላል። ከ230 ኒውተን ውስጥ ወደ ላይ የሚያነሣው ክፍል 40 ኒውተን ሲሆን፣ የመኪናዋ ክብደት ደግሞ 11 ኒውተን ብቻ ነው። መኪናዋ መንገዱን ትታ ትነሣለች፤ እንደገና ሮኬት ሆነች ማለት ነው።

ሁለቱን ለማስታረቅ አፉን ማጥበብ ይቻላል። በክዳኑ ላይ 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ብንከፍት መነሻው ኃይል ከ38 ኒውተን አይበልጥም፤ ወደ ላይ የሚያነሣው ክፍል ከ7 ኒውተን ያነሰ ስለሚሆን ጎማዎቹ መሬት አይለቁም። የጠበበው አፍ ኃይሉን ቢቀንስም የሚገፋበትን ጊዜ ያረዝማል፤ ስለዚህ አጠቃላይ ሞመንተሙ ብዙም አይጎዳም።

በቅድሚያ ጥንቃቄ

የታመቀ አየር መጫወቻ አይደለም። ጋዝ ላለበት መጠጥ የተሠራ ጠርሙስ ግፊት እንዲችል ታስቦ የተመረተ ነው፤ በተለምዶ "ሃይላንድ" የምንላቸው ቀጫጭን የውሃ ጠርሙሶች ግን ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆኑም። የተጫጫረ ወይም የተጨራመተ ጠርሙስ ይጣል። ፕላስቲኩ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር በጋለ ማጣበቂያ አይነካ፤ በፕላስተር ማሰር ይበቃል።

አዲስ ጠርሙስ የሚፈተነው አየር በያዘበት ሁኔታ አይደለም፤ እስከ አፉ በውሃ ተሞልቶ ነው። ያኔ ግፊቱ ከሥራው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 4.5 ባር፣ ቢደርስም በውሃው ውስጥ የሚከማቸው ጉልበት ከአንድ ጁል እጅግ ያንሳል፤ ጠርሙሱ ቢቀደድ ውሃ ያፈስሳል እንጂ አይፈነዳም። በሙከራ ጊዜ ሁሉም ሰው የዓይን መከላከያ ያድርግ፤ መሰኪያው ቢያንስ ከ5 ሜትር ርቀት በገመድ ይነቀል፤ በመኪናዋ ፊትም ሆነ ኋላ ማንም አይቁም። ሥራውም መምህር ባለበት ይከናወን።

ሙከራው እንዴት ይካሄድ?

ለዘንጎቹ ማቀፊያ የእስክሪብቶ ቀፎ ይሆናል፤ በውስጡ በቀላሉ ይሽከረከራሉ። በተለመደው መኪና ጎማው መንገዱን ወደ ኋላ በመግፋት ተሽከርካሪውን ያስኬዳል፤ ስለዚህ በጎማና በመንገድ መካከል ያለው ሰበቃ ጠቃሚ ነው። በእኛይቱ መኪና ግን ጎማ ተሸካሚ ብቻ ነው፤ ሰበቃው ሁሉ ኪሳራ ነው። መጠኑን ለማወቅ መኪናዋን በሰሌዳ ላይ አኑረን ሰሌዳውን ቀስ በቀስ እናዘንብል። ገፋ ሲያደርጓት ሳትፈጥንና ሳትዘገይ የምትወርድበት ዝንባሌ ይለካ። በ1 ሜትር ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ከሆነ፣ የሚያዘገያት ኃይል የክብደቷ 5 በመቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሙከራ ይቀጥላል። ግፊቱን በ3 ባር እናጽና። መለኪያ ያለው መንፊያ ካልተገኘ ከጎሚስታ መለኪያ መዋስ ይቻላል፤ 3 ባር 44 ፒኤስአይ ያህል ነው። መሰኪያው በራሱ ጊዜ እስኪፈናጠር መንፋት ግን አይመከርም፤ በየጊዜው የተለያየ ግፊት ላይ ስለሚለቅ ንጽጽሩን ያፈርሳል። ውሃውን በ200፣ 400፣ 600፣ 800 እና 1,000 ሚሊ ሊትር እየለወጥን ለእያንዳንዱ መጠን አምስት ጊዜ እናስወንጭፍ፤ የሄደችበትን ርቀትም በሜትር እንለካ። ጠማማ የሄደችውም ሆነ የተገለበጠችው ከመዝገብ አትውጣ፤ ምክንያቱ በአጠገቧ ይጻፍ። ከዚያም የውሃ መጠንን በአግድም፣ አማካይ ርቀትን በቁም አድርገን ግራፍ እንሳል። የግራፉ ጫፍ ከሲሶው ላይ ይውላል? ወይስ የዝንባሌው ችግር ወደ ብዙ ውሃ ገፍቶታል? ቀጥሎም ዝንባሌውን ከ10 ወደ 5 ዲግሪ ለውጠን ሌላውን ሁሉ እንዳለ እንተወው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከተለወጠ የትኛው ለውጥ ውጤቱን እንዳመጣ ማወቅ አይቻልም።

ለትጉሃን አንባቢያን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እናቅርብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የጎማ መለኪያ የሚያነበው ግፊት ከውጭው አየር ያለውን ብልጫ ነው። አንዲት መኪና በሁለቱ ከተሞች፣ በአንድ ዓይነት መለኪያ ንባብና በአንድ ዓይነት አስፋልት ላይ ብትወነጨፍ የት ይበልጥ ትርቃለች? በሁለቱም ከተሞች የሚገኙ ተማሪዎች አንድ ዓይነት መኪና ሠርተው፣ አስቀድመው ግምታቸውን ከነምክንያቱ በወረቀት ላይ አስፍረው፣ ከዚያም ለክተው ውጤታቸውን ቢያስተያዩ ለጥያቄው ከማንም የተሻለ መልስ ይሰጣሉ።