በና ፀማይ፣ በና ጸማይ

በደቡብ ኦሞ ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። በናው፣ ፀማዩ፣ ሐመሩና አሪው ከየአቅጣጫው ይወርዳል፤ ፍየሉ በገመድ ተጎትቶ፣ ማሩና ቅቤው በቅል ተይዞ ይመጣል። የጂንካ ገበያ ቅዳሜ፣ የቱርሚ ደግሞ ሰኞ ይውላል። የፍየል ዋጋ በየወረዳው መዝግቦ ለሚያጠናቅር ባለሙያ እያንዳንዱ ወረዳ በኤክሴል ላይ አንድ ሺት ነው። በሺቶቹ ላይ የሚዞረው ማክሮ የሚጻፈው በቪዥዋል ቤዚክ ነው።

ጀማሪው ፕሮግራመር አራት ወረዳ ካለው ወረዳ1፣ ወረዳ2፣ ወረዳ3፣ ወረዳ4 ብሎ አራት ተለዋዋጮች በላቲን ፊደል ይሰይማል። ቀጥሎ ሉፕ ውስጥ ገብቶ «ወረዳ» የሚለውን ቃል ከቁጥሩ ጋር ያጣብቅና ተለዋዋጩን ሊጠራ ይሞክራል።

ኮምፒውተሩ አይሰማውም። ያጣበቀው ተራ ጽሑፍ ነው። የተለዋዋጭ ስም የሚያገለግለው ለጸሐፊውና ኮዱን ለሚተረጉመው ኮምፓይለር ነው፤ ኮዱ ከተተረጎመ በኋላ በስሙ ቦታ የሚሠራው የማስታወሻ አድራሻ ነው።

የቪዥዋል ቤዚክ መነሻ የሆነው ቤዚክ በ1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ሲወለድ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ኩርትዝ ለተለዋዋጭ የፈቀዱት አንድ ፊደል ወይም አንድ ፊደልና አንድ አኃዝ ነበር፤ በጠቅላላው 286 ስም። ያኔ እንደ ሺት ያለ ኦብጀክት የሚባል ነገር በቋንቋው ውስጥ አልነበረም። በ1991 በመጣው በቪዥዋል ቤዚክ ግን ተለዋዋጩ የቁጥር ብቻ ሳይሆን የኦብጀክት መያዣም ይሆናል። መያዣውን በቀይ አፈር ገበያ ለመረዳት አይከብድም፦ ገመዱ ፍየሉ አይደለም። በአንድ ፍየል አንገት ሁለት ገመድ ቢታሰር ፍየሉ ያው አንድ ነው፤ አንዱ ገመድ ቢፈታም ፍየሉ በሌላው እንደተያዘ ይቆያል።

ስለዚህ መፍትሔው በየወረዳው አዲስ ተለዋዋጭ መፍጠር አይደለም። ዲክሽነሪ የሚባል አንድ መዝገብ ይከፈታል፤ የወረዳው ስም ቁልፍ፣ ሺቱ ደግሞ በቁልፉ የሚገኝ ኦብጀክት ይሆናል። አምስተኛ ወረዳ ቢጨመር አንድም የኮድ መስመር አይነካም።

የዚህ ማስታወሻ አቅራቢ ብዙ ሰዓት ያባከነው ግን በሌላ ወጥመድ ነው። የወረዳዎቹን ድምር በዲክሽነሪ ሲያወጣ አንዱ ወረዳ ሁለት ረድፍ ሆኖ መጣ። ቀመሩን ደጋግሞ መረመረ፤ ስህተት አላገኘም። ኋላ እንዳየው አንዱ መዝጋቢ «በና ፀማይ»፣ ሌላው «በና ጸማይ» ብሎ ጽፏል። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን «ፀ» በዩኒኮድ 4928ኛው፣ «ጸ» 4920ኛው ነው። ሐመርና ሀመርም እንዲሁ ይለያያሉ። ኤክሴል ራሱ የሌለ ሺት በስም ሲጠሩት ስህተት ቁጥር 9 ብሎ ይቆማል። ዲክሽነሪው ግን የማያውቀው ቁልፍ ሲጠራ ዝም ብሎ ባዶ አዲስ ቁልፍ ይጨምራል።

ሌላም ችግር አለ። የማክሮው መጻፊያ መስኮት የግዕዝ ፊደል አይቀበልም፤ «ቀይ አፈር» ብለው ቢጽፉበት የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ሺቱ ላይ ያለው ሴል ግን ፊደሉን በትክክል ይይዛል። ስለዚህ ባለሙያው አሁን ስሞቹን በኮዱ ውስጥ አይጽፍም፤ ከአንድ የስም ዝርዝር ሺት ያነባል። የተነበበውን ስም በቅድሚያ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው ይመልሳል፤ ትርፍ ክፍት ቦታም ያጠፋል። ቁልፉ በመዝገቡ መኖሩን ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ ነው ሺቱን የሚያነሣው። ሪፖርቱ ላይ የሚታተመው ግን ሰዎቹ ራሳቸው የሚጽፉት ስም ነው፤ የተስተካከለው ለፍለጋ ብቻ ይውላል።

በደቡብ ኦሞ መረጃ የምትመዘግቡ ባልደረቦች፣ ማክሮ ከመጻፋችሁ በፊት ተሰብሰቡና የወረዳዎቹንና የቀበሌዎቹን አጻጻፍ በአንድ ሺት ላይ ተስማሙበት፤ ያንኑ ሺት ለሁሉም መዝጋቢ አድሉት።