የጠገበ ሆድ፣ የተራበ ወታደር

የወላይታን ምድር ያየ ሰው ረሃብ እዚህ ይገባል ብሎ አይጠረጥርም። ደጃችን እንሰት፣ ማሳችን ስኳር ድንችና ጎደሬ ነው። ሆኖም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ይህችን ለምለም አገር አልዘለላትም። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ስኳር ድንቹ ሲጠፋ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ችግር ደረሰብን። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙውን ሕፃን የሚወስደው ባዶ ሆድ ብቻ አይደለም፤ ተቅማጥ፣ ኩፍኝና የሳንባ ምች ናቸው። ረሃብና በሽታ እንዲህ ተያይዘው የሚመጡት ለምንድን ነው?

ወታደሩ ምን ይበላል?

ነጭ የደም ሴሎች የሰውነታችን ወታደሮች መሆናቸውን በትምህርት ቤት ተምረናል። ወታደር ደግሞ ስንቅ ይፈልጋል። ጠላት በሌለበት ጊዜ ሴሉ በጥቂት ምግብ ይኖራል። ተሐዋሲ ሲያገኝ ግን ከደም ውስጥ ስኳርን በብዛት መሳብ ይጀምራል። ግማሹን ለጉልበት ያቃጥለዋል፣ ግማሹን ለመራባት ይጠቀምበታል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዱ በሺህ ይባዛልና። ለእያንዳንዱ አዲስ ሴል ፕሮቲን፣ ብረትና ዚንክ ያስፈልጋል። ተሐዋሲውን የሚይዙት ፀረ እንግዳ አካላትም ከፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ቫይታሚን ኤ በበኩሉ የአንጀትን፣ የሳንባንና የዓይንን ሽፋን ይጠብቃል፤ አጥሩ እርሱ ነው።

ቆጮ፣ ጎደሬና ስኳር ድንች ጉልበት ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ ወታደሩ ግን ተርቦ ያድራል።

ትኩሳት የማያሳየው ልጅ

የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚቃጠለው ጉልበት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ምግብ ካልመጣ ሰውነት የራሱን ጡንቻ አፍርሶ ይጠቀማል። የታመመ ልጅ ቶሎ የሚከሳው ለዚህ ነው። በጣም የተጎዳ ሕፃን ደግሞ በደረቱ ውስጥ ያለው ታይመስ የተባለው የወታደሮች ማሰልጠኛ ዕጢ ይሟሽሻል፤ ተሐዋሲ እያጠቃውም ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ በሕክምና መመሪያ እንዲህ ያለ ሕፃን የበሽታ ምልክት ባይታይበትም እንኳ አሞክሳሲሊን ይሰጠዋል። እናቶች ሆይ፣ «ሰውነቱ አልተኮሰም» ብላችሁ አትዘናጉ።

በ1935 እ.ኤ.አ. ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉ ሐኪም ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ያዩትን እግር የሚያሳብጥ በሽታ በሕዝቡ ቋንቋ «ኳሺዮርኮር» ብለው ለዓለም አስተዋወቁ። ትርጉሙ ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ከጡት ወርዶ በበቆሎ ገንፎ ብቻ የሚያድግ ልጅ በሽታ ነበር። በእኛም ሰፈር ታናሹ ሲመጣ ታላቁን ማን ያየዋል?

ጊፋታ በዓመት አንዴ ነው

ለጊፋታ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አጠራቅመን በሬ እናርዳለን። መልካም ባህላችን ነው። ሆኖም ሰውነት ለሁሉም ነገር ጎተራ የለውም። ስብን ያከማቻል፣ ቫይታሚን ኤንም በጉበት ለወራት ያቆያል። ትርፍ ፕሮቲንን ግን ለነገ ብሎ አያስቀምጥም፤ ለዚንክም ይህ ነው የሚባል መጠባበቂያ የለውም። የመስከረም ሥጋ የየካቲትን ወታደር አይመግብም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ከደጃችን አይርቅም። ቦሎቄ ከበቆሎ ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ፕሮቲን ሌላው ይሞላል። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ነጩ የሌለውን የቫይታሚን ኤ ምንጭ ይዟል፤ ጥቂት ቅቤ ሲታከልበት ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። የሽፈራው ቅጠልም እንዲሁ ነው።

ባሎች ሆይ፣ ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ሁሉ ወደ ሶዶ ገበያ ይሄዳልን? ለጨውና ለሳሙና መሸጡ የግድ ሊሆን ይችላል። ግን ከሚስቶቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ፤ በሳምንት ጥቂቶቹ ለትንሹ ልጅና ለነፍሰ ጡሯ ይቅሩ። ከወጡ ውስጥ መልካሙ ለአባወራው ብቻ የሚነሳበት ቤት ካለም፣ ይህን ልማድ ሊለውጥ የሚችለው አባወራው ራሱ ነው።

ልጁ ታሞ ሲያገግም ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ አብሉት፤ ያለቀውን ስንቅ መመለስ አለበትና። ተቅማጥ ከያዘው ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር የሚሰጠውን የዚንክ እንክብል ተቅማጡ ቢቆምም ጨርሱለት። በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤም አይለፈው።

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ፣ ወይም ሁለት እግሮቹ አብጠው ሲጫኗቸው ከሰረጎዱ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። ጸሎታችሁን በመንገድ ላይም መቀጠል ትችላላችሁ።