«ሰረቀ» እና «ሌባ»

ከካዛንቺስ በታክሲ ተሳፍሮ ቂርቆስ የወረደ አንድ ሰው ኪሱን ቢዳብስ ስልኩን አጣው እንበል። ይህ ሰው ምን ይላል? «ስልኬ ተሰረቀ» ወይም «ስልኬን ተሰረቅሁ» ሊል ይችላል። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ ስልኩ ነው፤ በሁለተኛው ግን ተበዳዩ ራሱ ባለቤት ሆኖ ስልኩ «ን»ን ይዟል። (በሰዋስው «ባለቤት» የምንለው የንብረት ባለቤት ከምንለው ጋር እንዳይምታታባችሁ።) በሁለቱም ውስጥ ሰራቂው አልተጠቀሰም። ሆኖም ሰውየው እጅ ሲገባ አላየምና በእርግጥ የሚያውቀው «ስልኬ ጠፋብኝ» የሚለውን ብቻ ነው።

በየዕለቱ ንግግራችን ንብረታችንን ያለ አግባብ የወሰደብንን ሁሉ ሌባ እንላለን። ሕግ ግን ዕቃው ከእጃችን የወጣው እንዴት እንደ ሆነ ይጠይቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆት የሚለው፣ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ የሌላውን ሰው ተንቀሳቃሽ ንብረት መውሰድን ነው። ኪስ አውላቂ እዚህ ይገባል። ማጅራት መቺ ግን ኃይል ተጠቅሟልና አድራጎቱ በአንቀጽ 670 ውንብድና ይባላል። እንዲጠግነው የተሰጠውን ሰዓት የሸጠ ሰዓት ሠሪስ? ብዙዎቻችሁ «ሰረቀ» ሳትሉ አትቀሩም። ነገር ግን ሰዓቱን ከማንም ኪስ አልወሰደም፤ ባለንብረቱ አምኖ በገዛ እጁ ሰጥቶታል። ስለዚህ ሕጉ ይህን በአንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ይለዋል። መዳብን ወርቅ ነው ብሎ የሸጠ ደግሞ አታላይ ነው።

አሁን ወደ «ሌባ» እንመለስ። «ሰረቀ» ግሥ ነው፤ ጊዜና አድራጊ አለው፤ «መቼ? ምን? ማን አየ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ሰራቂ» እና «ስርቆት» ከእርሱ ይወጣሉ። «ሌባ» ግን ከዚህ ግሥ አልተገኘም፤ ጊዜም የለውም። ሰው ላይ ከተለጠፈ በኋላ ትናንትንም ነገንም ይሸፍናል። በማስተምርበት ዘመን በአንድ ክፍል ኮምፓስ ጠፍቶ፣ ልጆቹ አንዱን ጓደኛቸውን «ሌባ» አሉት። ከሦስት ቀን በኋላ ኮምፓሱ ከባለቤቱ ደብተር ሽፋን ውስጥ ተገኘ። ስሙ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከልጁ አልወረደም፤ እኔም በወቅቱ ነገሩን እንደ ቀልድ አልፌው ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3፣ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ባለበት ጊዜ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ በፍርድ ቤት ቋንቋ ሰውየው በመጀመሪያ ተጠርጣሪ፣ ክስ ሲመሠረትበት ተከሳሽ፣ ከተፈረደበት በኋላ ብቻ ጥፋተኛ ይባላል።

እንግዲህ «ትናንት ማታ ካዛንቺስ አካባቢ ስልክ የሰረቀው ሌባ ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንብቡ። ፍርዱ የተሰጠባቸውን ሁለት ቃላት አውጥታችሁ፣ ጸሐፊው ያየው ሰው ሲያዝ ብቻ እንደ ሆነ በማሰብ እንደገና ጻፉት።