የኦማን ዋና ከተማ ሙስካት፤ ታሪኳና ንግዷ

በቢቸናና በሞጣ ገበያ ስለ ዐረብ አገር ከተሞች የሚነገረው ወሬ ብዙ ነው። አንዱ ጥራጥሬና ሥጋ የሚገዙ ናቸው ሲል፣ ሌላው ልጄ ለሥራ የሄደችው ወደዚያ ነው ይላል። ነገር ግን የከተሞቹ ስም በየቤቱ ሲጠራ፣ ታሪካቸውንና ጠባያቸውን ለይቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከእነዚህ ከተሞች መካከል በንግድ ታሪኳ ከቀደሙት አንዷ፣ ያሳለፈችውም ዘመን ለጎጃም ነጋዴ ትምህርት የሚሰጥ፣ የኦማን ዋና ከተማ ሙስካት ናት። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አቀማመጧ

ዐረቦች መስቀጥ የሚሏት ሙስካት በዐረብ ምድር ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በኦማን ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቈረቈረች ናት። ከበስተኋላዋ ዛፍ የማይበቅልባቸው ጥቋቍር የድንጋይ ተራሮች ይከቧታል፤ ከፊቷ ባሕር ነው። ጥንታዊቱ ከተማ በተራሮቹና በባሕሩ መካከል ባለች ጠባብ ሥፍራ የተወሰነች ስለ ነበረች፣ ከየብስ የሚመጣ ሰው የሚገባባት በቅጥሯ በሮች ብቻ ነበር። ዝናቧ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባሉት ወራት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል።

ከጥንታዊቱ ሙስካት አጠገብ ሙትራሕ የምትባል የወደብ መንደር አለች። ሙስካት የቤተ መንግሥቱ፣ ሙትራሕ የነጋዴው ሥፍራ ሆነው ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ቴምርና ሌላውንም የአገር ውስጥ ምርት በግመል ጭነው የሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች ዕቃቸውን የሚያራግፉት በሙትራሕ ነበር።

የፖርቱጋሎች ዘመን

በ1507 አልፎንሶ ደ አልቡከርክ የተባለው የፖርቱጋል የጦር አለቃ ሙስካትን በኃይል ይዞ አቃጠላት። ከዚያ በኋላ ፖርቱጋሎች ወደ አንድ መቶ ዐርባ ዓመት ያህል በወደቧ ላይ ሠልጥነው ኖሩ። ዛሬ በወደቡ ግራና ቀኝ በቋጥኝ ላይ ቆመው የሚታዩትን ጀላሊና ሚራኒ የተባሉትን ሁለት ምሽጎች በ1580ዎቹ ዓመታት ያሠሯቸው እነርሱ ናቸው።

ይህ ታሪክ ለጎጃም ሰው ባዕድ አይደለም። የዓባይን ምንጭ በ1618 በሰከላ ያየው ኢየሱሳዊው መነኵሴ ፔድሮ ፓኤዝ፣ አስቀድሞ በ1589 ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት የተሣፈረው ከሙስካት ነበር። በመንገድም ተማርኮ ወደ የመን ስለ ተወሰደ፣ ብዙ ዓመት በእስር ከኖረ በኋላ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው። ኢየሱሳውያን ያሠሩት ሕንፃ ፍርስራሽም በምሥራቅ ጎጃም በመርጡለ ማርያም ዛሬ ድረስ ይታያል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 ከነገሡ በኋላ ኢየሱሳውያንን ካገር አስወጡ፤ በ1650 ደግሞ ኢማም ሱልጣን ቢን ሰይፍ ፖርቱጋሎችን ከሙስካት አባረሩ። ሁለቱ አገሮች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከአንድ ወገን የመጣውን እንግዳ አሰናበቱ ማለት ነው።

የንግዷ ከፍታና ውድቀት

ፖርቱጋሎች ከወጡ በኋላ የሙስካት መርከቦች የሕንድን ውቅያኖስ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሱበት ጀመር። በ1698 የሞምባሳን ምሽግ ያዙ። ከየመን ወደብ ከሞካ ቡና እየጫኑ ወደ ባስራ ማድረስም ዋና ንግዳቸው ሆነ። ከ1806 እስከ 1856 የገዙት ሰይድ ሰዒድ ቢን ሱልጣን ግዛታቸውን በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አስፍተው፣ ዛንዚባርን መቀመጫቸው አደረጉ፤ የቅርንፉድ ተክልም በዚያ አስፋፉ። በ1833 ከአሜሪካ ጋር የንግድ ውል ተዋዋሉ፤ በ1840ም ሱልጣና የተባለች መርከባቸው ቴምር፣ ቡና፣ ቅርንፉድና የዝሆን ጥርስ ጭና ኒውዮርክ ደረሰች።

ይሁን እንጂ ይህ ንግድ የሚያሳፍር ወገንም ነበረው። ከአፍሪካ የተነጠቁ ብዙ ሰዎች በባሪያ ንግድ በዚሁ ባሕር ተጭነው በዐረብ ወደቦች ተሽጠዋል። በዚያ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና ዝባድ በሚሸጥበት በጎጃሙ የባሶ ገበያም ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ የሁለቱን አገሮች የንግድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊያልፈው አይገባም።

ሰይድ ሰዒድ ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸው በውርስ ስለ ተጣሉ፣ በ1861 በእንግሊዞች ዳኝነት ሙስካትና ዛንዚባር ተለያዩ። ባለጠጋዪቱ ዛንዚባር ለድኻዪቱ ሙስካት በየዓመቱ 40,000 የማርያ ቴሬዛ ብር እንድትከፍል ተፈረደባት። ይህም ብር አባቶቻችን ጠገራ የሚሉት ነው፤ በባሶ ገበያ ከአሞሌ ጨው ጋር የሚመነዘረውና በሙትራሕ ገበያ ቴምር የሚገዛው አንድ ዓይነት ብር ነበር። በዚሁ ጊዜ የአውሮፓ የእንፋሎት መርከቦች በመብዛታቸው በሸራ የሚሄዱት የሙስካት መርከቦች ሥራ አጡ። የባሪያ ንግድም በውል እየተከለከለ ሄደ። እንዲህ በመሆኑ ሙስካት ደኸየች።

በሯ የተዘጋበት ዘመን

ከ1932 እስከ 1970 የገዙት ሱልጣን ሰዒድ ቢን ተይሙር ዙፋኑን የተረከቡት ከነዕዳው ስለ ነበር፣ ብድርን እጅግ ይፈሩ ነበር። ዕዳን መፍራታቸው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ፍርሃታቸው አገሩን ሁሉ ወደ መዝጋት አደረሳቸው። ፀሐይ ከጠለቀች ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ ከምሽጉ መድፍ ይተኰስና የከተማዋ በር ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ በመንገድ የሚገኝ ሰው ፋኖስ ይዞ መሄድ ግዴታው ነበር። በ1970 በአገሩ በሙሉ ከ10 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ የአስፋልት መንገድና ሦስት ትምህርት ቤቶች ብቻ ነበሩ። ወጣቱም ትምህርትና ሥራ ፍለጋ ወደ ኩዌትና ወደ ባሕሬን ይሰደድ ነበር። ዛሬ እንግዳ ሠራተኛ የሚጐርፍባት ከተማ ያን ጊዜ የራሷ ልጆች የሚወጡባት መሆኗ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

እንደገና መከፈቷ

የነዳጅ ዘይት ለገበያ በሚበቃ መጠን በ1964 በፋሁድ ተገኝቶ በ1967 ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። ገንዘቡ ግን ብቻውን ከተማዋን አልለወጣትም፤ ሦስት ዓመት ያህል በሩ እንደ ተዘጋ ቆይቷል። ሐምሌ 23 ቀን 1970 ሱልጣን ቃቡስ ቢን ሰዒድ አባታቸውን አውርደው ሥልጣን ከያዙ በኋላ፣ ገንዘቡ ወደ መንገድ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ወደብ መዋል ጀመረ። በዚያው ዓመት አዲስ የአገር ገንዘብ ወጥቶ ጠገራውና የሕንድ ሩፒ ቀሩ። በ1971 ኦማን የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች፤ በ1974ም አዲሱ ወደብ በሙትራሕ ተከፈተ። ሱልጣን ቃቡስ ጥር 10 ቀን 2020 ሲያርፉ ሱልጣን ሃይሰም ቢን ጣሪቅ ተተኩ።

ዛሬ ከነአካባቢዋ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ሙስካት በባሕሩ ዳር ተዘርግታ ትገኛለች። ሕንፃዎቿ አብዛኞቹ ነጫጭና ዝቅ ያሉ ስለ ሆኑ፣ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ከበዙባቸው ከጎረቤቶቿ ከዱባይና ከዶሃ ትለያለች። ጎብኚዎች ከሚያዩአቸው ሥፍራዎች ዋናዎቹ ከሁለቱ ምሽጎች መካከል የቆመው አል ዓለም ቤተ መንግሥት፣ በ2011 የተከፈተው የሙዚቃ ቲያትር፣ በ2016 የተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መዘክርና የሙትራሕ ገበያ ናቸው። በ2001 የተመረቀው የሱልጣን ቃቡስ ታላቁ መስጊድ ወደ 20,000 ሰው ይይዛል። በውስጡ የተነጠፈው ምንጣፍ 70 ሜትር በ60 ሜትር ሲሆን 21 ቶን ይመዝናል፤ 600 ያህል የኢራን ሴቶች በአራት ዓመት ሠርተውታል። የጭነት መርከቦች ከ2014 ጀምሮ ወደ ሶሐር ወደብ ስለ ተዛወሩ፣ የሙትራሕ ወደብ በይበልጥ የጎብኚዎች መርከብ መቆሚያ ሆኗል።

ለነጋዴና ለቤተሰብ የሚጠቅም

የኦማን ገንዘብ ሪያል ይባላል፤ አንዱ ሪያል 1,000 ባይሳ ነው። ከ1986 ጀምሮ አንድ ሪያል በ2 የአሜሪካ ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ ተወስኖ ይኖራል። ሰዓታቸው ከኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ሰዓት ይቀድማል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚዘጉት ዓርብና ቅዳሜ ስለ ሆነ፣ ከኢትዮጵያ ዓርብ የተላከ ደብዳቤ መልሱ እሑድ ቢመጣ እንደ ቸልታ ሊቈጠር አይገባም። በረመዳን የሥራ ሰዓት ያጥራል። እንግዳ ሲመጣ ቡናና ቴምር ማቅረብ የአገሩ ደንብ ሲሆን፣ ወደ ዋጋ ነገር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህንም የጎጃም ሰው ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ለሥራ ስለሚሄዱት እኅቶች ደግሞ አንድ ነገር መነገር አለበት። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2013 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አግዶ፣ እገዳውን በ2018 አንሥቷል። እህሉን ሲሸጥ ሚዛኑን ሦስት ጊዜ የሚያይ ነጋዴ፣ ልጁ የምትሄድበትን ውል ሳያነብ ቢሸኛት ከባድ ስሕተት ነው። ደመወዙ፣ የዕረፍቱ ቀን፣ የአሠሪው ስምና አድራሻ በጽሑፍ ሊታወቅ፣ የውሉም ግልባጭ በቤተሰቡ እጅ ሊቀር ይገባል። በደላላ ቃል ብቻ የሚደረግ ጉዞ ግን ዋስ የሌለው ብድር ነው።

ሙስካትን ያደኸያት የዕቃ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ቴምሩም ወደቡም በተዘጋውም ዘመን ነበሩ፤ ያልነበረው መንገድ ነው። የሞጣ ሰውም ይህን ከሰባራ ድልድይ ተምሮታል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው የዓባይ ድልድይ በኢጣልያ ጦርነት ዘመን ቅስቱ ከፈረሰ ወዲህ፣ ገበያተኛው በገመድ እየተሳበ ሲሻገር ኖረ። በኋላ ቢጠገንም በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ከወንዙ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለው ድልድይ ሲሠራ፣ የሞጣና የደቡብ ጎንደር ሰው በእግሩ ደርሶ መመለስ ቻለ። በር ሲከፈት ገበያ ይከፈታል፤ በበሩ የሚያልፈውን ውል አንብቦ መያዝ ግን የነጋዴውና የቤተሰቡ ፈንታ ነው።