ካዝና መክፈት ለቁልፍ ሠራተኛ ያዋጣል?

የወልቂጤ ቁልፍ ሠራተኛ ውሎው ከበር ቁልፍ፣ ከጓጉንቸርና ከሞተር ሳይክል ጋር ነው። ካዝና የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው። ታዲያ ለእሱ ብሎ መሣሪያ መግዛትና ሙያውን መማር ያዋጣዋል? እኔ ያዋጣዋል ባይ ነኝ፤ ግን በትራፓኖው ብቻ አይደለም።

በሆቴልና በሱቅ የምናያቸው ትንንሽ የቁጥር ካዝናዎች ብዙ ጊዜ እምቢ የሚሉት ባትሪ ድንጋያቸው ሲያልቅ ነው። ለዚያ ቀን ተብሎ በክዳን የተሸፈነ የመጠባበቂያ ቁልፍ ቀዳዳ አላቸው። ችግሩ ባለቤቱ መጠባበቂያውን ቁልፍ እዚያው ውስጥ አስቀምጦ መዝጋቱ ነው።

ከባዱ ካዝና ሌላ ነው። እያንዳንዳቸው 100 ቁጥር ያላቸው ሦስት ተሽከርካሪዎች በስሌት 1 ሚሊዮን አማራጭ ይሰጣሉ። መቆለፊያው ፊት ፑንታ የሚበላ ጠንካራ ብረት አለ። በአንዳንዱም ውስጥ መስታወት ተገጥሟል፤ መስታወቱ ከተሰበረ ተጨማሪ መቀርቀሪያ ይወድቅና ሥራው ይብሳል። ግራይንደር ይዞ ከመሮጥ በፊት ቁጥሩ ተቀይሮ እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በሎስ አላሞስ አንድን ቁልፍ ሠራተኛ አንድ ትልቅ ካዝና እንዴት እንደከፈተ ቢጠይቀው፣ የሞከረው ፋብሪካው ያወጣውን ቁጥር እንደነበር ነገረው፤ ባለቤቱ አልቀየረውም።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከመርካቶ ባለሙያ የሚያስመጣ ሰው መንገዱንም፣ የባከነውንም ቀን ይከፍላል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር፤ ያን ሰሞን ካዝናው ለተቆለፈበት ነጋዴ እያንዳንዱ ቀን ገንዘብ ነበር።

ዋናው ዋጋ ግን የኃላፊነቱ ነው። የእድር ሣጥን በሦስት ጓጉንቸር ተቆልፎ ቁልፎቹ በሊቀመንበሩ፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ እጅ የሚቀመጡት ማንም ብቻውን እንዳይከፍት ነው። ቁልፍ ሠራተኛውም ብቻውን መክፈት የለበትም። የመሥሪያ ቤት ከሆነ ኮሚቴ ቆሞ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፤ የሟች ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ታይቶ ይከፈት። አለዚያ «እዚህ የነበረው ወርቅስ?» የተባለ ዕለት ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። ክፍያውንም «ባይከፈትስ?» ከሚለው ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት።

ካዝናው ከተከፈተ በኋላ በትራፓኖ የተበሳ ቀዳዳ ካለ ይደፈናል፣ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ባለቤቱ በሩ ክፍት እያለ አዲሱን ቁጥር ሦስት አራት ጊዜ ከሞከረ በኋላ ይዘጋል።