የከሰረ ፋብሪካ ባለአደራ

ፋብሪካ ሲከፈት መርቆ የሚከፍት ሹም አይታጣም፤ ሥራው ተቋርጦ፣ በሩ በሰንሰለት ታስሮ፣ ባለቤቱም ከዕዳው ብዛት የተነሣ ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አስታውቆ ከሄደ በኋላ ግን፣ በብዙ ዘመን ወደ አፈሩ የሰረገውን ዘይትና መርዝ ማን፣ በማንስ ገንዘብ እንደሚያጸዳው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አሜሪካውያን ለዚህ ያበጁት የአካባቢ ጥበቃ አደራ የሚባለው ተቋም፣ እንደ ሥራው ክብደት ምስጋና ያላገኘ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጀኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2009 በከሰረ ጊዜ፣ ጠቃሚውን ንብረት አዲስ የተቋቋመ ኩባንያ ሲረከብ፣ የተዘጉት ፋብሪካዎችና የተበከሉት ቦታዎች በአሮጌው ኩባንያ እጅ ቀሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የኪሳራው ፍርድ ቤት ባጸደቀው የ773 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት መሠረት፣ በ14 ስቴቶች የሚገኙ 89 ቦታዎች ሬሰር ለተባለው ባለአደራ ተላለፉ። እርሱም እንደ ደብር ገበዝ ንብረቱን በእጁ ይዞ ያስተዳድራል እንጂ የእኔ ሊለው አይችልም፤ አደራው የቆመላቸው የፌዴራሉ መንግሥት፣ ስቴቶቹና የሴንት ሪጂስ ሞሃክ ነገድ ናቸው።

ዳሩ ግን ስለዚህ ተቋም ከሚነገረው ሁሉ የሚያስቆጣኝ፣ ማጽዳት ማለት አፈሩን ዝቆ መውሰድ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው። በዲትሮይት አካባቢ ታክሲ የሚነዳ አንድ ያገሬ ልጅ፣ «ጋሼ፣ አፈሩን ጠርገው ቢወስዱት አይገላግልም ወይ?» ብሎኛል። የተወሰደው አፈር ወዴት እንደሚደፋ ብጠይቀው ሣቀ፤ መልሱ ግን የሚያሥቅ አይደለም፣ ከአንዱ መንደር የተነሣ መርዝ በሌላው መንደር አጠገብ ማረፉ አይቀርምና። ከዚህም በላይ መርዝ ሁሉ ጠባዩ አንድ አይደለም። ዘይት ከከርሰ ምድር ውሃ በላይ ይንሳፈፋል፤ ብረት ማጽጃው ትሪክሎሮኤቲሊን ግን ከውሃው በታች ዘቅጦ፣ ተኑ በወለል ስንጥቅ እየሾለከ ወደ ቤት ይገባል፤ የማሽን ዘይት እሳት እንዳይዘው ይጨመር የነበረው ፒሲቢ ደግሞ በውሃ ስለማይሟሟ፣ ከደለልና ከዓሣ ስብ ጋር ተጣብቆ ዘመናትን ይሻገራል። በኒው ዮርክ ስቴት፣ በማሲና ከተማ፣ ከሞሃኮች ምድር አጠገብ የነበረው የጀኔራል ሞተርስ የአሉሚኒየም ፋብሪካ ወደ ሴንት ሎረንስ ወንዝ ያፈሰሰው ይህንኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995፣ አደራው ገና ሳይታሰብ፣ ደለሉ በማሽን ተጠርጎ በወጣ ጊዜ፣ በአንደኛው ክፍል ብክለቱ በመጥረግ አልወርድ ስላለ በላዩ ክዳን ተደረገበት።

ስለዚህም ጽዳት የሚለካው ቦታው ወደፊት ለምን ተግባር እንደሚውል ታይቶ ነው። ሕፃናት በአፈሩ የሚጫወቱበት ግቢ የሚጠይቀው ንጽሕና ሌላ፣ መጋዘን የሚቆምበት ሌላ ነው። የተበከለው አፈር በሊሾ ወይም በንጹሕ አፈር ተከድኖ፣ ውሃው በጉድጓድ እየተሳበ እየተጣራ፣ «እዚህ ጉድጓድ አይቆፈር፣ ውሃው አይጠጣ» የሚል ገደብ በይዞታው መዝገብ ላይ ሊሠፍር ይችላል። ይህን ገደብ ሳያነቡ ውል የሚፈርሙ ገዢዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል፤ የውሃ ቧንቧ ለመቅበር ብሎ ሊሾውን በዶማ የሚያፈርስ ሰው፣ ክዳን ከፍቶ ሠራተኞቹን ለመርዝ ማጋለጡን ሊያውቅ ይገባዋል።

ሽያጩም እንደ ተራ ጨረታ አይደለም። ከዋጋው ጋር የሚፈጠረው ሥራ፣ ስቴቱና የአካባቢው ሕዝብ የሚያገኙት ግብርና ሌላ ጥቅም፣ በጽዳቱ ላይ የሚደርሰው እንቅፋት፣ የሕዝቡ አስተያየትና የገዢው ታማኝነት ይመዘናሉ፤ ብዙ ገንዘብ የያዘ ሁሉ ዘው ብሎ አይገባም።

ፍሬውን ለማየት የሚሻ ሚሺጋን ውስጥ በይፕሲላንቲ አጠገብ ያለውን ዊሎው ራን የተባለውን የፋብሪካ ቦታ ይመልከት። ፎርድ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሠርቶት 8,685 ቢ-24 የቦምብ አውሮፕላኖች ከወጡበት በኋላ፣ ጀኔራል ሞተርስ የካምቢዮ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1953 በእሳት ሲወድምበት ወደዚህ መጥቶ እስከ 2010 ካምቢዮ ሠራበት። ባለአደራው ከተረከበው ወዲህ የሕንፃው ጥቂት ክፍል ለአውሮፕላን ሙዚየም ሲተርፍ፣ የቀረው ፈርሶ ቦታው ያለ ሾፌር የሚሄዱ መኪናዎች መፈተኛ ሆኗል። ቦታ ተሸጠ ማለት ግን የባለአደራው ግዴታ አበቃ ማለት አይደለም፤ የጽዳቱ ኃላፊነት ከእርሱ ጋር ስለሚቆይ፣ ገዢው ሥራውን ሲጀምር የባለአደራው ሰዎች የውሃ ናሙና ሊቀዱ በየጊዜው በሩን ያንኳኳሉና፣ ውሉ እንደሚያዘው ሊከፍትላቸው ይገባል።