ከመሰበሩ በፊት የሚናገር ዕቃ

በገበያ ቀን ሸክላ የምትገዛ ባለሞያ እመቤት ገንቦውን በዐይኗ ብቻ ተመልክታ ገንዘቧን አትከፍልም። በጣቷ አንኳኩታ ታዳምጣለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ከወጣ ገንቦው ደኅና ነው፤ ከታፈነና ከሻከረ ግን ዐይን ያላየው ስንጥቅ አለበት ማለት ነው። በዘመናችን አውሮፕላን የሚሠሩና የሚጠግኑ መሐንዲሶችም ይህን በመሰለ ጥበብ እንደሚጠቀሙ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንወዳለን።

አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ከብረታ ብረት ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ ድብልቅ ቁስ በሚባል ነገርም ይሠራሉ። የድብልቅ ቁስን ጠባይ ለመረዳት የጭቃ ቤትን ማሰብ ይበቃል። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፤ ጭቃው ጭዱን አጣብቆ ይይዛል፤ ጭዱም ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይከለክላል። በድብልቅ ቁስ ውስጥ በጭዱ ፈንታ የካርቦን ወይም የመስተዋት ክር፥ በጭቃው ፈንታ ሙጫ ይገባል። አንዱ የካርቦን ክር ከሰው ጠጕር ዐሥር እጅ ያህል ይቀጥናል። ክሮቹ በንጣፍ በንጣፍ ተደራርበው ሲጣበቁ ክብደቱ ቀላል፥ ጥንካሬው ግን ብርቱ የኾነ ዕቃ ይገኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ በ2012 እ.ኤ.አ. የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ እኩሌታ ያህሉ ከዚህ ቁስ የተሠራ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ቁስ ጉዳቱን ይደብቃል። ብረት ሲመታ ይጐደጕዳል፤ ምልክቱም ይታያል። በድብልቅ ቁስ ላይ ግን ከሠራተኛ እጅ የወደቀ መፍቻ እንኳ በላዩ ግልጽ ምልክት ሳይተው የውስጡን ንጣፎች ሊያለያይ ይችላል። ስለዚህ መካኒኮች በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው እያንኳኩ ያዳምጣሉ፤ ንጣፉ በተላቀቀበት ቦታ ድምፁ ይታፈናል።

ከማንኳኳት ሌላ ሁለተኛ መንገድም አለ፤ ይኸውም ዕቃው ራሱ ሲናገር ማዳመጥ ነው። ጭነት ሲበዛበት ሙጫው ይሰነጠቃል፥ ንጣፉ ይላቀቃል፥ ክሩም ይበጠሳል። ከእያንዳንዱም ረቂቅ ድምፅ ይወጣል። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ መስማት አይችልም፤ በዕቃው ላይ የሚለጠፉት መሣሪያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከ100,000 በላይ የሚርገበገበውን ሰምተው ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል። ድምፁ ወደ አንዱ መሣሪያ ቀድሞ፥ ወደ ሌላው ዘግይቶ ስለሚደርስ፥ የጊዜው ልዩነት ተሰልቶ የጉዳቱ ቦታ ይታወቃል።

ዮሴፍ ካይዘር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1950 እ.ኤ.አ. በሙኒክ ከተማ ባቀረበው ጥናት፥ ብረት አንድ ጊዜ የተሸከመውን ጭነት እንደገና ሲሸከም ከቀድሞው ልክ እስኪያልፍ ድረስ ዝም እንደሚል አስታወቀ። የተጐዳ ድብልቅ ቁስ ግን ይህን ሕግ ያፈርሳል። ለምሳሌ አስቀድሞ 100 ኩንታል ተሸክሞ የነበረ ዕቃ፥ በኋላ ገና በ80 ኩንታል መጮኽ ከጀመረ በውስጡ የተጐዳ ነገር እንዳለ ይጠረጠራል።

ነገሩ የሕይወት ጉዳይ መኾኑን ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር አሳይታለች። ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ስትነሣ፥ ከነዳጅ ታንኳዋ ልባስ የተገነጠለ ስፖንጅ መሰል ቁራጭ የግራ ክንፏን ግንባር መታው። የክንፉ ግንባር ከካርቦን ድብልቅ ቁስ የተሠራ ነበር። ምቱ በፊልም ቢታይም የጉዳቱን ልክ ያወቀ አልነበረም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ወደ ምድር ስትመለስ በተሰበረው በኩል የጋለ አየር ገብቶ ክንፉን አፈረሰው፤ 7ቱም ተጓዦች ሞቱ። በ2005 እ.ኤ.አ. የመንኰራኵሮቹ በረራ እንደገና ሲጀመር በክንፎቹ ውስጥ የምትን ንዝረት የሚያዳምጡ መሣሪያዎች ተተክለው ነበር።

እርግጥ ነው፥ መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። የዝናቡን፥ የነፋሱንና የብሎኑን መፋተግ ከጉዳቱ ድምፅ ጋር አደባልቆ ይሰማል። የማያድግ ስንጥቅም ዝም ስለሚል በዚህ መንገድ አይገኝም። ስለዚህ የተሰማውን ለይቶ የሚተረጕም የሠለጠነ ሰው፥ የተጠረጠረውንም ቦታ በሌላ መንገድ ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጥንቃቄ ነው። ዕቃው ሲናገር የሚሰማው ከተገኘ ጕዳቱ በጥቂት ወጪ ይጠገናል፤ የሚሰማው ከታጣ ግን ዋጋው የሰው ሕይወት ሊኾን ይችላል።